መሐንዲሱን ማን ፈተነው? ከአዲስ አበባ እስከ ሐርጌሳ

አዲስ አበባና ሐርጌሳ በምህንድስና ትምህርት ታሪክ አብረው ሲነሡ አይሰማም። አዲስ አበባ መሐንዲስ ማስተማር ከጀመረች ሰባ ዓመት አልፏታል። ሐርጌሳ በጦርነት ፈርሳ እንደገና የተሠራች፣ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችውም በ2000 የሆነች ከተማ ናት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ አንድ ወጣት አራትና አምስት ዓመት ተምሮ ሲወጣ «ይህ ሰው መሐንዲስ ነው» ብሎ የሚመሰክርለት ማን ነው? የሚመሰክርለትስ ምን አይቶ ነው?

ጥያቄው የሬጅስትራር ቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ሲሚንቶና ብረት ላይ ነው። የተሳሳተ ስሌት ወረቀት ላይ እያለ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ወደ ግንባታ ቦታ ከወጣ በኋላ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የመሐንዲስን ፈተና ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚያርምና ማን እንደሚያጸድቅ ማወቅ አገሩ በማን እንደሚተማመን ማወቅ ነው። ባለፉት ሰባ ዓመታት በአፍሪካ ቀንድ አገሮች ፈታኙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በእያንዳንዱ ለውጥ የተገኘ ነገር አለ፤ የጠፋም አለ። ሁለቱ ከተሞች የሚጠቀሙበት የዘመን አቆጣጠር ስለሚለያይ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እስከ 1961፦ ፈታኙ ባሕር ማዶ ነበር

በ1950ዎቹ ሐርጌሳ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም። ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃው ዋናው በር በበርበራና በቡርዖ መካከል ባለው ተራራ ላይ የቆመው የሼክ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት የመልቀቂያ ፈተና ከእንግሊዝ ይመጣል፤ መልሱም ታሽጎ ወደ እንግሊዝ ይመለሳል። ያለፈው ልጅ ወደ ሱዳን ወይም ወደ ብሪታኒያ ይላካል። የሐርጌሳ ልጅ መሐንዲስ ለመሆን መብቃቱን የሚፈርደው እንግዲህ ሐርጌሳን አይቷት የማያውቅ ሰው ነበር።

ኢትዮጵያ ቅኝ ሳትገዛ የኖረች አገር ብትሆንም በዚህ ረገድ እምብዛም አልተለየችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት መሪነት በ1950 ተከፈተ። የምህንድስና ኮሌጁ በ1953 ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው የሁለት ዓመት መካከለኛ ትምህርት ብቻ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ድሮዪንግ፣ የመካኒክስ መነሻ ይማራሉ፤ ከዚያ የቀረውን ትምህርት ለመጨረስ ወደ ውጭ ይላካሉ። የአዲስ አበባው ትምህርት ደህና መሆኑ የሚታወቀው የውጭው ዩኒቨርሲቲ እነዚያን ሁለት ዓመታት ቆጥሮ ሲቀበላቸው ነው። ተማሪው እዚህ ያገኘው ውጤት ግማሽ ምስክርነት ነበር፤ ቀሪውን ግማሽ የሚሰጠው ሌላ አገር ነው። ትምህርቱ ወደ ሙሉ ዲግሪ እስኪያድግ ድረስ እንዲህ ቆየ።

በዚሁ ዘመን ግን ለየት ያለ ፈታኝ ልደታ አካባቢ ብቅ አለ። በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የሕንፃ ኮሌጁን አቋቋሙ። ኮሌጁ ማስተማርን፣ ምርምርንና የግንባታ ዕቃ ፍተሻን በአንድ ግቢ አሰባሰበ። ይህ ቀላል የሚመስል ውሳኔ በምዘና በኩል ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። ኮንክሪት ሲፈተሽ ናሙናው በቅርጽ ይሞላል፣ 28 ቀን ውኃ ጠጥቶ ይጠነክራል፣ ከዚያ በመጭመቂያ ማሽን እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። የአሸዋውን፣ የጠጠሩን፣ የውኃውን መጠን ያሳሳተ ተማሪ ቃላት አሳምሮ ቢጽፍ የማሽኑን ቁጥር አይለውጠውም። መምህሩም አድልቶ ሊጨምርለት አይችልም። በእኔ ግምት በኢትዮጵያ የምህንድስና ምዘና ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ታማኝ ፈታኝ የተገኘው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ፍርዱን የሰጠው ተማሪው በእጁ የሠራው ነገር ራሱ ነበር።

1961–1974፦ መምህሩ ዳኛ ሆነ

በታኅሣሥ 1961 ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስም አንድ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ዕቅዱን ያጠናው የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበርና ከዕቅዱ ጋር የአሜሪካው የምዘና ሥርዓት ተከትሎ ገባ፤ ክሬዲት፣ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ከኤ እስከ ኤፍ የሚወርድ ፊደል፣ ከ4 የሚታሰብ አማካይ ነጥብ። ዛሬ በየካምፓሱ የሚነገረው የግሬድ ቋንቋ በሙሉ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

ለውጡ ሥር ነቀል ነበር። በእንግሊዙ ሥርዓት ያስተማረና የፈተነ ሰው አንድ አይደለም፤ የተማሪው ዕጣ የሚወሰነውም በትምህርቱ መጨረሻ በሚሰጥ ትልቅ ፈተና ነው። በአዲሱ ሥርዓት ግን ያው መምህር ያስተምራል፣ ፈተና ያወጣል፣ ያርማል፣ ግሬድ ይሰጣል። ፈታኙ ከባሕር ማዶ መጥቶ በክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ይህ ለአንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ነፃነት ነው። መምህሩ ተማሪውን ያውቀዋል፤ ላብ ሪፖርቱን፣ የሰርቬይንግ መስክ ሥራውን፣ በሰሌዳ ፊት የተንተባተበበትን ቀን ሁሉ አይቷል።

ችግሩም ከዚያው መጣ። ብዙ መምህር ግሬድ የሚሰጠው በከርቭ ነበር፤ ተማሪዎቹን እርስ በርስ አሰልፎ ላይኛዎቹን ኤ፣ ታችኛዎቹን ኤፍ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ግሬድ ማን ከማን እንደሚበልጥ ይናገራል። ተማሪው የጣሪያ ጭነት አስልቶ ምሰሶ መምረጥ ይችል እንደሆነ ግን አይናገርም። ጎበዝ በበዛበት ባች ደህናው ተማሪ ይወድቃል፤ ደካማ በበዛበት ባች ደካማው ያልፋል። «በዲስሚሳል ሄደ» የሚለው አነጋገር በየቤተሰቡ የገባውም በዚህ መንገድ ነው። አንድ ልጅ ከገጠር ወጥቶ፣ ማትሪክን አልፎ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ በመጀመሪያው ዓመት ሲባረር፣ ያልቻለው ምን እንደሆነ እሱም ቤተሰቡም የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው ከክፍል ውጭም ተማሪውን የሚለካበት ነገር ፈጠረ። ከ1964 ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መርሐ ግብር ተማሪው ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ግዴታው ሆነ። አብዛኞቹ በትምህርት ቤት አስተማሩ። አገልግሎቱ የሙያ ፈተና አልነበረም። ቢሆንም ዲግሪ በክፍል ነጥብ ብቻ እንደማይገኝ፣ ከግቢው ውጭ ያለው ኅብረተሰብም የሚጠይቀው ነገር እንዳለ ያቋቋመ የመጀመሪያው ደንብ ነው።

በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ ከአዲስ አበባው ተለየ። የእርሻ መሣሪያ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ የኤሌክትሪክና የኬሚካል ቴክኒሻኖችን ማውጣት ዓላማው ነበርና ወርክሾፑ የትምህርቱ ልብ ሆነ። ተማሪው በቶርኖ ወይም በመሰል ማሽን ላይ የሠራው ዕቃ ተለክቶ ልኩ ሲስት ያ ስሕተት በካሊፐር ይታያል። የልደታው የኮንክሪት ናሙናና የባሕር ዳሩ የወርክሾፕ ዕቃ የአንድ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። ያሳዝነኛል፣ ይህ አስተሳሰብ ወደ አገሪቱ የምህንድስና ምዘና መሃል አልገባም፤ በዳር ቀረ።

1974–1991፦ የሩሲያኛና የጣሊያንኛ ፈተና

አብዮቱ ሲፈነዳ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። ሲመለሱ ያገኙት አዲስ ስም የያዘ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ የውጭ መምህራን የለቀቁት ፋኩልቲና የፖለቲካ ትምህርት የተጨመረበት ሥርዓተ ትምህርት ነበር። የግሬዱ አሠራር ግን አልተነካም፤ ሶሻሊስቱ መንግሥት በአሜሪካ ፊደል ማስመረቁን ቀጠለ።

አዲሱ ነገር የመጣው ከውጭ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ተላኩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ምህንድስና አጠኑ። በሶቪየት ዩኒቨርሲቲ ዋናው ፈተና የቃል ነው። ተማሪው ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ወረቀቶች አንዱን ያነሣል፣ የደረሰውን ጥያቄ ጥቂት ያስብበታል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ተቀምጦ ያስረዳል። መምህሩ «ለምን?» ይለዋል፤ ሲመልስ እንደገና «ለምን?» ይለዋል። በመጨረሻም ዲፕሎም ፕሮጀክቱን፣ በትልልቅ ወረቀት የተነሡ ንድፎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በመንግሥት ፈተና ኮሚሽን ፊት ይከላከላል። በኮሚሽኑ ውስጥ ከፋብሪካና ከዲዛይን ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። ሲመለሱ እነዚህ መሐንዲሶች ስለ አኗኗሩ የሚያወሩት ብዙ ነበር፤ ወደ ክፍላችን ሊያመጡት ሲገባ ሳያመጡት የቀሩት ትልቁ ነገር ግን ይህ የቃል ፈተና ይመስለኛል። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ በያዘበት ክፍል የሚቻል አልነበረም።

ሐርጌሳ በእነዚያው ዓመታት ሌላ የቃል ፈተና ገጠማት። ሶማሌላንድ ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃ ወጥታ በአምስተኛው ቀን ከደቡቡ ጋር ተዋሕዳ ነበር። ሰሜኑ በእንግሊዝኛ፣ ደቡቡ በጣሊያንኛ የተማረ ነው። በ1972 ሶማሊኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምርና ትምህርት ቤቶች ወደ ሶማሊኛ ሲዞሩ ክፍፍሉ የሚያበቃ መስሎ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ግን አላበቃም። በሞቃዲሾ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ፣ በጣሊያን ፕሮፌሰሮች የሚያስተምር ሆነ። ምህንድስናን ጨምሮ የአብዛኞቹ ፋኩልቲዎች ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበር።

ስለዚህ የሐርጌሳው ልጅ በሶማሊኛ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ሞቃዲሾ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠብቀው የጣሊያንኛ የዝግጅት ትምህርት ነው። አብሮት የሚማረው የሞቃዲሾ ልጅ በመንገድና በቤት የሰማውን ቋንቋ እሱ ከፊደሉ ይጀምረዋል። በጣሊያን ዩኒቨርሲቲ ልማድ ፈተናው በአብዛኛው በቃል ይሰጣል፣ ነጥቡ ከ30 ይታሰባል፣ ማለፊያው 18 ነው። ፈተናው የሚለካው የተማሪውን የፈሳሽ መካኒክስ ዕውቀት ይሁን የጣሊያንኛ ችሎታውን፣ ለሰሜኑ ልጅ መለየት አይቻልም ነበር። በምዘና ትምህርት ይህ መሠረታዊ ስሕተት ነው፤ ፈተናው ሊለካ ያሰበውን ነገር ትቶ ሌላውን ይለካል። የሰሜኑ ሕዝብ ሶማሊያን ይገዛ በነበረው በሲያድ ባሬ መንግሥት ላይ ያደረበት ቅሬታ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የትምህርት ዕድል አንዱ ነው።

1988–2004፦ መዝገብ ቤት የሌለው አገር

በግንቦት 1988 የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ሐርጌሳና ወደ ቡርዖ ሲገቡ መንግሥት ከተሞቹን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባቸው። የሐርጌሳ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበር ተሻግሮ ጅግጅጋ አካባቢ በሐርታሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞቃዲሾም ወደቀች፤ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ግንቦት 18 ቀን 1991 በቡርዖ ሶማሌላንድ መገንጠሏን ስታውጅ፣ ከተሞቿን መልሶ ለመገንባት መሐንዲስ በብርቱ የሚያስፈልጋት፣ መሐንዲስ የሚያወጣ አንድም ተቋም ግን የሌላት አገር ነበረች። ከጦርነቱ በፊት የተመረቀው ሰው ወረቀቱ በእሳት ከጠፋ፣ ጽፎ የሚያረጋግጥለት መዝገብ ቤት አልነበረም። ባለሙያ መሆኑ የሚታወቀው ሥራ ሲሠራ በማየት ብቻ ነው።

አዲሱ ጅምር የመጣው ከሽማግሌዎች፣ ከነጋዴዎችና በውጭ ከሚኖሩ ተወላጆች መዋጮ ነው። በ1998 በቦራማ የዓሙድ ዩኒቨርሲቲ በቀድሞው ትምህርት ቤት ግቢ ተከፈተ፤ በ2000 የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። ዓሙድ የጀመረው በመምህራን ትምህርትና በንግድ ሥራ አስተዳደር ነበር፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለእነዚያ ክፍል፣ መጽሐፍና መምህር ይበቃል። ምህንድስና ላብ፣ ወርክሾፕና የመለኪያ መሣሪያ ይጠይቃል። በሐርጌሳም ምህንድስናው ቆይቶ መጣ፤ ቴክኖሎጂና ምህንድስናን መለያው ያደረገው የግሉ ጎሊስ ዩኒቨርሲቲም በ2000ዎቹ አጋማሽ ተጨመረ።

ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ መምህራን ወደ ሐርጌሳ መሄድ የጀመሩት በዚህ ዘመን ነው። ከእነሱ ጋር የፈተና ልማዳቸው አብሮ ሄደ፤ ሚዱ፣ ፋይናሉ፣ ግሩፕ አሳይመንቱ። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ የሶማሌላንድ ወጣቶች በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በነፃ የትምህርት ዕድል ተማሩ። በሼክ ተራራ ላይ የእንግሊዝን ፈተና ሲጠብቅ የነበረው ትውልድ የልጅ ልጆቹ አዲስ አበባ የተማረ መምህር ያወጣውን ፈተና ይፈተናሉ።

ሐርጌሳ ግን አንድ ተጨማሪ ሸክም ነበረባት። ለረጅም ዘመን በዓለም ዕውቅና ሳታገኝ የቆየች አገር የምትሰጠው ዲግሪ ከወሰኗ ሲወጣ ማን ያምነዋል? መንግሥት ለመንግሥት የሚፈራረመው የዲግሪ ስምምነት ለእሷ አልተከፈተም። በመሆኑም ዩኒቨርሲቲዎቿ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በቀጥታ መወዳጀትን መረጡ፤ ዋናው ዳኝነት ደግሞ በቀጣሪው እጅ ወደቀ። የሐርጌሳ ስልክና መብራት በግል ኩባንያዎች የተያዘ ነው። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም በ2009 ዛድ የተባለውን በስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ አገልግሎት ሲጀምር፣ በኋላም በበርበራ ወደብና ወደ ድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ትልልቅ ሥራ ሲመጣ፣ አሠሪው ተመራቂውን የሚቀበለው በራሱ መንገድ ከፈተነው በኋላ ነው። ይህ ጭካኔ አለው፤ ወዳጅ ዘመድ ያለው ይቀድማል። ግን ደግሞ ከሥራ ያልራቀ ፈተና ነው።

2005–2014፦ መብዛት

ኢትዮጵያ በ1991 የቀሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ፤ አስመራ ከኤርትራ ጋር ሄዷል። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ ሆኑ፤ በኋላም ከአርባ አለፉ። በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ዓመት ወደ መሰናዶ ትምህርት ስላወረደው የምህንድስና ትምህርት ከአምስት ወደ አራት ዓመት አጠረ። በ2003 የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ወጣ፤ ጥራትን የሚከታተል ኤጀንሲም ተቋቋመ። ኤጀንሲው በመጀመሪያ ያተኮረው ሕንፃ፣ መጽሐፍና የመምህር ቁጥር ላይ ነበር። ተማሪው ምን ቻለ የሚለው ቆይቶ የመጣ ጥያቄ ነው።

በ2005 ከጀርመን መንግሥት ጋር የተጀመረው የምህንድስና አቅም ግንባታ መርሐ ግብር ይህን ጥያቄ ከፊት አመጣው። ሥርዓተ ትምህርቱ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ትምህርቱ ወደ አምስት ዓመት ተመለሰ፣ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲዎቹ ኢንስቲትዩት ሆኑ። ለምዘና ታሪክ ግን ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚፈጀው ኢንተርንሺፕ ነው። ተማሪው ወደ ግንባታ ቦታ፣ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ መብራት ኃይል ይሄዳል፤ በየቀኑ የሠራውን በሎግቡክ ይጽፋል፤ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሲመለስ ሪፖርት ያቀርባል። ከግቢው ውጭ ያለው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የመፍረድ ድርሻ አገኘ።

በቂ ጊዜ ቢያገኝ ሥር ይሰድ ነበር። በ2008 ግን ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ። ውሳኔው ከልብ የመጣ ነበር፤ አገሩ መንገድ፣ ግድብና ፋብሪካ ሊሠራ ተነሥቶ ነበርና። ነገር ግን የምህንድስና ክፍሎች ተማሪ በገፍ ሲቀበሉ ለጥቂት የተሠራው ላብ ያው ላብ ነበር። በአንድ ማሽን ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሲቆም አንዱ ይነካል፣ ሌሎቹ ያያሉ፣ ሪፖርቱን ሁሉም ይጽፋሉ። ኢንተርንሺፑም እንዲሁ ሆነ፤ ተለማማጅ የሚቀበል ድርጅት አልበቃ ሲል ብዙ ተማሪ ቆሞ ሲያይ ሴሚስተሩን ጨረሰ።

ከዚያ ሞጁላር ሥርዓተ ትምህርትና ተከታታይ ምዘና መጡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ተማሪ በአንድ ፋይናል ከሚወድቅ በየጊዜው እየተመዘነ፣ ስሕተቱን እያወቀ ይሂድ። አንድ መምህር ግን መቶና ከዚያ በላይ ወረቀት በየሳምንቱ አርሞ አስተያየት ጽፎ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ተከታታይ ምዘናው ተከታታይ ነጥብ መሰብሰቢያ ሆነ። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት የተሰጠ አሳይመንት አንዱ ጎበዝ ሲሠራው አምስቱ ስማቸውን ጻፉበት። ግሬዱ ከፍ አለ፤ ከግሬዱ በስተጀርባ ያለው ዕውቀት ግን እየተሸፈነ ሄደ።

በእነዚህ ዓመታት ዓለም የሚነጋገርበትን ቋንቋ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። የስድስት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የሙያ ተቋማት በ1989 የዋሽንግተን ስምምነትን ፈርመው አንዱ ዕውቅና የሰጠውን የምህንድስና ዲግሪ ትምህርት ሌላው ሊቀበል ቃል ገብተው ነበር፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ1999 ገባች። ኢትዮጵያም ሶማሌላንድም በዚያ ውስጥ የሉም። የአሜሪካው የምህንድስና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ተቋም አቤት ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ መስፈርቱን ገለበጠው። ዩኒቨርሲቲው ስንት ሰዓት አስተማረ የሚለውን ትቶ ተመራቂው ምን ማድረግ ይችላል ማለት ጀመረ። 11 ችሎታዎች ዘረዘረ፤ በኋላ ወደ 7 ጨመቃቸው። ስሌትና ዲዛይን ብቻ ሳይሆኑ በቡድን መሥራት፣ አስረድቶ መጻፍና የሙያ ሥነ ምግባር አሉባቸው።

ከዚያ መስፈርት ውስጥ ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው አንድ መለያ ነው። ግሬድ ስለ ተማሪው ይናገራል፤ የፕሮግራም ምዘና ደግሞ ስለ አስተማሪው ተቋም ይናገራል። ለምሳሌ የአንድ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተመራቂዎች የዲዛይን ፕሮጀክቶች ተሰብስበው፣ ሁለትና ሦስት መምህራን በጽሑፍ በተስማሙበት መለኪያ፣ አንድ ችሎታ ብቻ እየፈለጉ ያነቧቸዋል እንበል። አብዛኛው ተማሪ የመሠረቱን ዲዛይን ሲያሰላ የአፈሩን ምርመራ ውጤት ሳያይ ከመጽሐፍ ቁጥር እንደወሰደ ቢያገኙ፣ ጥፋቱ የአንድ ልጅ አይደለም። የአፈር መካኒክስ ትምህርቱ መለወጥ አለበት። ከተለወጠ በኋላ በሚቀጥለው ባች እንደገና ይታያል። እንዲህ ያለው ምዘና ማንንም አይጥልም፣ ማንንም አያስመርቅም፤ የሚያስተካክለው ትምህርቱን ነው። በቀንዱ አገሮች ግን ፈተና ሲባል የሚታሰበው ሁልጊዜ ማን ይለፍ ማን ይውደቅ ብቻ ሆኖ ኖሯል።

2015–2023፦ መቶ ጥያቄ

የግሬድ ዋጋ እየወረደ መሆኑን ኢንስቲትዩቶቹ ራሳቸው አይተውት ነበር። ብዙዎቹ የዋና ዋና ኮርሶችን ዕውቀት አንድ ላይ የሚጠይቅ ሆሊስቲክ ፈተና ጀመሩ። ተማሪዎች ተቃወሙት፤ «ኮርሱን አልፌ ሳለሁ ለምን ሁለተኛ እፈተናለሁ?» የሚል ክርክር ነበር። ክርክሩ እውነት አለው። ተማሪውን በኤ አሳልፎ በሆሊስቲክ የሚጥል ክፍል የሚከሰው ራሱን ነው።

ያልተጠበቀው ማንቂያ የመጣው ከዩኒቨርሲቲው በታች ነው። በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ፣ ኩረጃ በተዘጋበት ሁኔታ ሲሰጥ፣ ግማሽ ነጥብ ያመጡት ከመቶ ተፈታኞች ሦስቱ ገደማ ብቻ ሆኑ። አገሩ ደነገጠ። በየዓመቱ «አለፉ» እየተባለ ሲገባ የኖረው ተማሪ ምን ይዞ እንደገባ ታየ።

በሕግ ትምህርት ከ2011 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2023 ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ተሰጠ። በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ መቶ ባለ ምርጫ ጥያቄ ያለው ሲሆን ማለፊያው ከመቶ 50 ነው፤ ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም፣ ተመልሶ መፈተን ግን ይችላል። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከመቶ ወደ 40 ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከግማሽ በላይ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ከመቶ 20 አልሞሉም። በምህንድስና ከ1961 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረው መምህር የመጨረሻው ዳኛ መሆኑ ቀረ። ፈታኙ እንደገና ከክፍሉ ወጣ፤ አሁን የተቀመጠው ግን በትምህርት ሚኒስቴር ነው።

ፈተናው የሠራው መልካም ነገር መካድ የለበትም። ተማሪ ገንዘብ ከፍሎ ምንም ሳይማር የሚወጣበትን ተቋም አጋልጧል። የአንድን ዩኒቨርሲቲ ኤ ከሌላው ኤ ጋር ማወዳደር የሚቻልበት የመጀመሪያው መስፈሪያ ነው። ለምህንድስና ግን ከፍተኛ ገደብ አለበት። ባለ ምርጫ ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ የመሐንዲስ ሥራ ደግሞ መልስ ያልተጻፈለት ችግር ፊት መቀመጥ ነው። አንድ መንደር ውኃ እንዲደርሰው መስመሩ በየት ይለፍ፣ ምን ያህል ይውፈር፣ ፓምፑ ሲበላሽ ማን ይጠግነው የሚለው ከአራት ምርጫ አይወጣም። ትምህርት ክፍሎች የማለፊያ ቁጥራቸውን ለማሳደግ ሲሉ የአምስተኛውን ዓመት በጥያቄ ልምምድ መሙላት ከጀመሩ፣ የሚሠዋው ላቡና ፕሮጀክቱ ይሆናል።

ከ2023 ወዲህ፦ ሁለት በር

ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ ወይም በአርባ ምንጭ ምህንድስና የሚጨርስ ተማሪ ሁለት በር ያልፋል። በአንዱ ፋይናል ፕሮጀክቱን ይዞ መምህራን ፊት ይቆማል፤ ንድፉን ያሳያል፣ ለምን ይህን መረጥህ ሲባል ይመልሳል። በሌላው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ዲግሪው እንዲታገድ የሚያደርገውና በየዩኒቨርሲቲው ተሰልቶ ለሕዝብ የሚነገረው የሁለተኛው ውጤት ነው። የፕሮጀክቱ መከላከያ ከትምህርት ክፍሉ ፋይል አይወጣም፤ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው የተማሪው ዲዛይን የማድረግ ችሎታ መሻሻሉን የሚከታተል አካል የለም።

ሐርጌሳ ላይ ተመራቂው ፕሮጀክቱን ይከላከላል፤ ከዚያ በቀጥታ ቀጣሪ ፊት ይቀርባል። ወደ ውጭ ለመማር ወይም ለመሥራት ሲያመለክት ትራንስክሪፕቱ ኮርስ በኮርስ ይመረመራል። በዚህ በኩል ከአዲስ አበባው ወንድሙ ያለው ልዩነት ብዙዎች እንደሚገምቱት ሰፊ አይደለም፤ ሁለቱም ከዋሽንግተኑ ስምምነት ውጭ ናቸው።

ሁለቱ ከተሞች በፕሮጀክት መከላከያው ዳኝነት ላይ ሊረዳዱ ይችላሉ፤ መምህራን አስቀድመው ድንበሩን ተሻግረዋልና። የሐርጌሳ ትምህርት ክፍል ለፕሮጀክት መከላከያ ከጅግጅጋ ወይም ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር፣ ከከተማው የውኃ ወይም የስልክ ድርጅት አንድ መሐንዲስ በዳኝነት ቢጋብዝ፣ አዲስ አበባም እንዲሁ ብታደርግ፣ ወጪው የመንገድና የአልጋ ነው። የሚሰጡት ነጥብም ከመውጫ ፈተናው ጎን ተቆጥሮ በትራንስክሪፕቱ ላይ ይጻፍ፤ የየዓመቱ ውጤትም እንደ መውጫ ፈተናው ሁሉ በየዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ ይገለጽ።